በአራት ፊደል የጻፍኩት ሰው

ያን ሰሞን ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ በስሜ ፈንታ አራት ፊደል ብነግረው ደስ የሚለኝ ሰው ነበርኩ። ተስፉ እባላለሁ። የሰላሌ ልጅ ነኝ፤ ሰመራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው በአራተኛ ዓመቴ ነው።

ወደ ባሕርይ ጥናት የገባሁት ወድጄ አይደለም። ባለቤቴ ጥላኝ ስትሄድ «ከድንጋይ ጋር ነው የኖርኩት፤ ድንጋይ እንኳ ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል» ብላኝ ሄደች። ውሸት አልተናገረችም። አባቴ ሲሞት አላለቀስኩም፤ እሷ ስትወጣም በሩን ዘግቼ ሸሚዜን ተኮስኩ። ታዲያ ድንጋይ ነኝ ወይስ ሰው ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት በነጻ የሚሞላ የኢንተርኔት መጠይቅ ነበር። መጨረሻ ላይ የባሕርዬን ዓይነት የሚያመለክት አራት ፊደል ሰጠኝ። አንድ የቴሌግራም ቡድን ገብቼ ፊደሌን ስጽፍ ግን አንዱ «መጠይቁ ቅርፊቱ ነው ወንድሜ፣ ፍሬውን አጥና» ብሎ የፒዲኤፍ መዓት ላከልኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰው አልነበርኩም። ነገሩ የተጀመረው ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ በአንድ ስዊዘርላንዳዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። ማሰብ፣ ስሜት፣ በአምስቱ የስሜት ሕዋሳት መረዳት፣ ውስጠ-ግምት፤ እያንዳንዳቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ሲዞሩ ስምንት ይሆናሉ። የሐኪሙን ወፍራም መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ ሁለት ጊዜ ጨረስኩት። የተማሪዎቹን ማብራሪያ፣ በድምፅ የተቀዳ ትምህርት፣ ሰዎች ለዓመታት የተከራከሩበትን የድሮ መድረክ ሁሉ እያወረድኩ ስልኬ ላይ «ሰው» የሚባል ፎልደር ውስጥ ከተትኩ። እኔ ዘንድ ስሜት ከሁሉ በታች የተቀበረ ሆኖ አገኘሁት። ተመስገን አልኩ! ድንጋይ አይደለሁም፤ አቀማመጤ ነው።

ታዲያ ራሴን ብቻ ባጠና ምን ነበረበት? ደብተር ገዝቼ የመሥሪያ ቤቱን ሰው በሙሉ መዘገብኩ። ኃላፊያችን ወይዘሮ አልማዝ ስሜቷ ወደ ውጭ የዞረ፣ ዘበኛው በሕዋሳቱ የሚኖር፣ ገንዘብ ያዡ እንዲህ፣ ጸሐፊዋ እንዲያ። ሰዉም ቀልዱን ለምዶ «ተስፉ ጠንቋዩ» ይለኝ ነበር። ሰው ሲቀጠር ወይዘሮ አልማዝ «እስቲ አንተ እየው» ትለኛለች። ኩራቴ አይጣል ነው።

ዓሊ የመስክ ባለሙያችን ነበር። አፋር ነው፤ እናቱ አሳይታ ነው የሚኖሩት። ቢሯችን አንድ ስለነበረ ከማንም በላይ የምቀርበው እሱን ነው። መጠይቁን ሙላ ስለው ዘጠና ጥያቄ ላይ ዘጠና ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ሰው የበዛበት ቦታ ያደክምሃል?» እለዋለሁ።

«የት ቦታ? እነማን ናቸው?»

«በአጠቃላይ ዓሊ።»

«በአጠቃላይ የሚባል ቦታ ሄጄ አላውቅም» ይላል፣ ሳይስቅ።

ተሰላችቼ እኔው ሞላሁለት። አራት ፊደሉ ወጣ፤ ዝርዝር የማይረሳ፣ ሥርዓት አክባሪ፣ ድንገተኛ ነገር የማይወድ። ደብተሬ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፍኩት።

ዳጉን ያስተማረኝም እሱ ነው። አፋር ከአፋር ጋር ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቁጭ ብሎ ወሬ ይሰጣጣል፤ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ ዝናብ የት ጣለ። ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ይላል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ስልክ በማይሠራበት ቦታ እንኳ ወሬው ከመኪና ይቀድማል። «ዳጉ የጠየቀህን ሰው መዋሸት ውኃ እንደ መከልከል ነው» ብሎኛል። እኛም ጠዋት ጠዋት ቢሮ ስንገባ እንጠያየቅ ነበር። እኔ እንደ ጨዋታ ነበር የያዝኩት።

ወደ ነገሬ ልግባ። እኔና ዓሊ ለስልጠና አዋሽ ሰባት ኪሎ ሄደን ነበር። አምስት ቀን ቆይተን በስድስተኛው ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ልንመለስ ነው። የዓሊ ስልክ መስታወቱ ተሰብሮ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ነበረ፤ ጠጋኙ ሱቁን እስኪከፍት ብንጠብቅ ይረፍድብን ነበርና ተወው። ሰመራ ሌላ እገዛለሁ አለ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፊቴን እየታጠብኩ ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ አልማዝ ናት።

«ዓሊ አጠገብህ ነው?»

«የለም፣ ቁርስ ወርዷል።»

«እናቱ አርፈዋል፤ ጎህ ሲቀድ። ቤተሰቡ እሱን በስልክ ቢያጡት ቢሮ ደውለው ንገሩት አሉን። እንዳትነግረው! ያን ሁሉ መንገድ ይዞት እንዴት ይመጣል? እናትህ ትንሽ አሟቸዋል እንኳ አትበለው። ዝም ብለህ ይዘኸው ና፤ እዚህ ሰው ሰብስበን እናረዳዋለን። አንተ መቼም የሰው ባሕርይ ታውቅበታለህ።»

«እሺ» አልኩ። ፎጣዬን አንጠልጥዬ ቆምኩ። ምንም አልተሰማኝም። ማዘን እንዳለብኝ ግን አውቅ ነበር።

ለእኛ ለደገኞቹ ይህ ነውር አይደለም፤ ደግነት ነው። መርዶ መንገድ ላይ፣ በስልክ፣ ምግብ ሳይቀመስ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውዬው ቤት ደርሶ ነው። ወይዘሮ አልማዝም ክፉ አላሰበችም። ሁለታችንም ግን የረሳነው፣ ምናልባትም አስበነው የማናውቀው ነገር ነበር፤ እስላም ሬሳ አያሳድርም።

ቁርስ ቤት ወረድኩ። ዓሊ ፉሉን እየበላ ነበር። ወንበር ስቤ እንደተቀመጥኩ፣ እንደ ልማዱ፣

«ተስፉ፣ ምን አየህ? ምን ሰማህ?» አለኝ።

«ሰላም ነው» አልኩ። «ምንም የለም።»

ዳቦውን ቆርሶ ወደ እኔ ገፋልኝ። በላሁ።

ሾፌራችን ሰይድ ይባላል፤ የወሎ ሰው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ። ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። ዓሊ ከፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ። ስልኬን አውጥቼ ፎልደሩን ከፈትኩ። የዓሊ ዓይነት ሰው ክፉ ወሬ እንዴት ይቀበላል የሚል ፈለግሁ፤ አገኘሁም። ድንገት አትንገሩት፣ በለመደው ቦታ ይሁን፣ አካሉ አርፎ ይሁን፣ ቅደም ተከተል ያዙ ይላል። ከወይዘሮ አልማዝ ትእዛዝ ጋር ልክክ አለልኝ። የራሴን ሐሳብ ሌላ ሰው ጽፎት ሳገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ችግሩ መንገዱ ነው። ያ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ የአፋር ምድር ነው። ዓሊ ከመኪና ወርዶ አንድ ዘመድ ካገኘ አለቀ፤ ዳጉው ቀድሞናል። ገዋኔ ለነዳጅ ቆምን። ዓሊ እግሬን ላፍታታ ብሎ ወረደ። ከማዶ ሁለት ሽማግሌዎች ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አንዱ እጁን አነሳ። ዓሊ ወደነሱ ማምራት ሲጀምር ሮጬ ክንዱን ያዝኩት።

«ዓሊ፣ ረፍዷል፣ እንሂድ!»

«ሰላም ልበላቸው እንጂ።»

«ወይዘሮ አልማዝ ሪፖርቱን ዛሬ እፈልጋለሁ ብላለች። በእናትህ!»

በእናትህ አልኩት። ከአፌ ያመለጠኝ የልማድ ቃል ነው፤ ሁላችንም የምንለው። ዓሊ ሳቅ ብሎ ከሩቅ ለሽማግሌዎቹ እጁን አውለብልቦ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ቆመው አዩን። አንድ አፋር ወሬ ሳይቀበል ሲሄድ አይተው የገረማቸው ይመስለኛል።

ሰይድ ነዳጅ ሲከፍል ተከትዬው ሄጄ በጆሮው ነገርኩት።

«ኢና ሊላሂ!» አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እና ምን ትጠብቃለህ? ንገረው እንጂ።»

«ሰመራ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቀዋል።»

«ሰመራ ምን ሊሠራ? ጀናዛው አሳይታ! ኧረ በአላህ ወንድምዬ፣ ጀናዛ እኮ እንደናንተ ዘመድ እስኪመጣ አይቀመጥም። ካወቀ የትም አትቁሙ ይለናል፣ እኔም እበርራለሁ። ሳያውቅ ግን ሽንቴን፣ ሻዬን እያለ ነው የሚሄደው።»

«ሰይድ፣ የእሱ ዓይነት ባሕርይ ድንገተኛ ነገር አይችልም። አጥንቼዋለሁ።»

ሰይድ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «እኔ ሾፌር ነኝ» አለ። «አደራው የተሰጠው ላንተ ነው። እዳው ካንተ ራስ አይወርድም።» ከዚያ መኪናውን እስከ ሚሌ እንደ ጉድ ነዳው።

ሚሌ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ደረስን። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ሆን ብዬ የደገኛ ምግብ ቤት መረጥኩ፤ ከትልልቆቹ መኪናዎች ሾፌሮች በቀር ማንም የማይገባበት። ሰይድ አንዱ ጎማ አየር እያጣ ነው ብሎ ወደ ጎማ ቤት ሄደ። ዓሊ ጥብሱን ጨረሰ፣ እጁን ታጠበ፣ በረንዳው ላይ ካለው የገመድ አልጋ አንዱን አየና «ፀሐዩ ትንሽ ይብረድ፤ ጋደም ልበል» አለ። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

ሰባት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ።

«የት ደረሳችሁ?» ወይዘሮ አልማዝ ናት፤ ድምፅዋ ተጣድፏል።

«ሚሌ።»

«ስማኝ፣ ቤተሰቡ አሁን ደውለው ነበር። ቀብሩን ለዓሊ ብለው እስከ ዐሱር ሶላት አቆይተውታል፤ ከዚያ በላይ አንችልም ብለዋል። ሰመራ አትግቡ፣ ከሎጊያ ቀጥታ አሳይታ ውሰደው። በል አሁኑኑ ንገረውና ተነሱ።»

«እሺ» አልኩ።

ልብ በሉልኝ። አሁን ትእዛዙ ተቀይሯል። ንገረው ተብያለሁ። ዐሱር ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው፤ ሰይድን ብጠራው ትርፍ ጎማውን ገጥሞ ይመጣል፤ ያኔውኑ ብንነሳ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ አሳይታ ነን። ዓሊ ካጠገቤ ተኝቷል። ትከሻውን መንካት ብቻ ነው።

አልነካሁትም።

ለምን እንደሆነ ለብዙ ጊዜ ለራሴ ዋሽቻለሁ። ያረፈ ሰው መርዶ ይችላል፣ ትንሽ ይተኛ፣ ቃሉን ላዘጋጅ እያልኩ ስልኬ ላይ ገጽ ከገጽ አገላብጥ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ፈራሁ። የፈራሁት ግን ለእሱ አይደለም። እሱ ፊቴ እያለቀሰ እኔ ምንም ባይሰማኝስ? ባለቤቴ ያለችው እውነት ሊሆን ነው። ያን ያህል ዓመት ያጠናሁት፣ አቀማመጤ ነው ያልኩት ሁሉ ሊፈርስ ነው። ስለዚህ የሰው እናት አልጋ ላይ ተጋድማ ልጇን እየጠበቀች፣ እኔ ስለ ልጇ ባሕርይ አነብ ነበር። ትንኝ ግንባሩ ላይ ስታርፍ በእጄ አባረርኩለት። ያን ያህል ነበር የረዳሁት።

ሰይድ ጎማው ተነቅሎ እስኪጠገን ቆይቶ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሲሆን መጣ። «ነገርከው?» አለኝ በዓይኑ። አይ በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። ወይዘሮ አልማዝ ዳግም መደወሏንም አልነገርኩትም። ዓሊን የቀሰቀሰው እሱ ነው።

ሎጊያ ስንደርስ ዓሊ «እዚህ ጋ ቁም፣ ውኃ ልግዛ» አለ። ሰይድ ሳይዞር በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ። ቆመ። ዓሊ ወርዶ ሱቁ ጋ ሳይደርስ ሽርጥ ያገለደመ አንድ ረጅም ሰው መንገዱን ተሻግሮ መጣ። እጅ ለእጅ ተሳሳሙ። ቁጭ ሳይሉ፣ እዚያው ቆመው፣ ሰውዬው ማውራት ጀመረ። እኔ የማየው የዓሊን ጀርባ ነው። ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል። ጀርባው አልተንቀሳቀሰም። ሰውዬው ሲጨርስ ዓሊ አንድ ነገር ጠየቀ፣ ሰውዬው መለሰ። ከዚያ ተመልሶ ገባና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«እናቴ ሞታለች» አለ፣ ወደ ፊት እያየ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።»

ሰይድ «አላህ ይዘንላቸው» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

«ተስፉ፣ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ?»

«ከጠዋቱ አንድ ሰዓት።»

የሎጊያ ቤቶች አለቁ።

«ጠይቄህ ነበር» አለ።

ቢሰድበኝ በወደድኩ። አሳይታ ስንገባ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ይቀረው ነበር። ከመቃብር የሚመለሱ ሰዎች መንገዱን ሞልተውት ሲመጡ አገኘናቸው። እጃቸው አፈር ነው። ዓሊ ከመኪናው ወርዶ ሰዎቹን በተቃራኒ አቅጣጫ ሰንጥቆ ብቻውን ሄደ። አንድ አጎቱ ተከተለው። እኔ መኪናው ውስጥ ቀረሁ።

በማግስቱ ለለቅሶ ተመልሼ ሄድኩ። መሄድ ነበረብኝ። ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ቦታ ሰጡኝ፣ ሻይ ሰጡኝ። አፋርኛ ባልናገርም እሰማለሁ። አንዱ ሽማግሌ ዓሊን ለምን እንደዘገየ ጠየቀው። ዓሊ ነገረው። ከአዋሽ ጀምሮ ነገረው። ስልኬ ጥገና ነበር፤ ተስፉ በአንድ ሰዓት ሰማ፤ ጠየቅኩት፣ ሰላም ነው አለኝ፤ ገዋኔ ሽማግሌዎች አየሁ፣ እንሂድ ብሎ ክንዴን ያዘ፤ ሚሌ በላን፣ ተኛሁ፤ ሎጊያ ሰማሁ። ክፉ ነው አላለም፣ ደግ ነው አላለም። እንዲህ ዓይነት ሰው ስለሆነ ነው አላለም። ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ አለ፤ ጨረሰ። ሽማግሌዎቹ አዩኝ። አንዱ ሻዬ ማለቁን አይቶ ጨመረልኝ።

እኔ ያን ሰው በአራት ፊደል ጽፌው ነበር። እሱ ግን የሠራሁትን እንደ ሠራሁት ተናገረ። በሕይወቴ እንደዚያ በትክክል የገለጸኝ ሰው የለም፤ ያም ሆኖ አላለቀስኩም። ሻዩን ጠጣሁ።

እናንተ አንባቢዎች፣ ስለ ባሕርይ ዓይነት በጥልቀት ለማጥናት ምን እናንብብ እያላችሁ የምትጽፉልኝ አላችሁ። እነሆ ምክሬ። ከመጠይቅ አትጀምሩ፤ ከሐኪሙ ከራሱ ጽሑፍ ጀምሩ፣ የቃላት ፍቺውን ክፍል አስቀድማችሁ፣ ቀስ ብላችሁ። ሰውዬው ራሱ ሰውን ፈርጆ ለማስቀመጥ አልጻፈውም፤ እኛ ነን መሳቢያ ያደረግነው። ስምንቱን አንድ በአንድ፣ በራሳችሁ ላይ ብቻ ለወራት ተከታተሉ። የሌላ ሰው ስም የምትጽፉበት ደብተር አትግዙ። ሰው ማወቅ ስትፈልጉ ጠይቁት፤ ሲጠይቃችሁ ደግሞ መልሱለት። እኔ ጥናቱን አልተውኩም፤ ደብተሩን ግን ቀድጄ ጣልኩት። ደብተር በመቅደድ የሚጠፋ ነገር ግን የለም።

ዓሊ ዛሬም ቢሮ አብሮኝ ነው። ሰላም ይለኛል፣ ፋይል ያቀብለኛል። ጠዋት ግን አይጠይቀኝም።

ይህን ልጽፍ ተነስቼ ሚሌ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ቤተሰቦቹ ዳግም ለቢሮ መደወላቸውን ነግረውት ይሆናል፤ ቃሉ እዚያ እኔ ዘንድ መድረሱን ግን ዓሊ አያውቅም ነበር። ወይዘሮ አልማዝ ተዛውራ ሄዳለች፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ለእሱ ሳልነግር ጽፌ ላሳልፈው እችል ነበር። ያኔ ግን እናንተ ከእሱ ቀድማችሁ ልትሰሙ ነው። ባለፈው ሐሙስ ቢሮ እንደገባን፣ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ፣

«ዓሊ፣ ያልነገርኩህ አለ» አልኩት።

ቆመ። «ተናገር።»

«ያን ቀን ሚሌ ተኝተህ ሳለ ተደውሎልኛል። እስከ ዐሱር እየጠበቁህ ነበር። ንገረውና ተነሱ ተብዬ ነበር። አልቀሰቀስኩህም።»

«በጆሮህ ሰማህ?»

«በጆሮዬ።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ሰባት ተኩል።»

በዓይኑ መንገዱን ሲቆጥር አየሁት፤ ሚሌን፣ ሎጊያን፣ አሳይታን።

«እንደርስ ነበር» አለ።

«እንደርስ ነበር» አልኩ። ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ፣ እንባው በጣቶቼ መሃል ወረደ፣ ማቆም አቃተኝ።

ዓሊ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እስክጨርስ ድረስ ጠበቀኝ።